ጭንቅላቴ ውስጥ የተንጠለጠለውን እንዴት እንዳወረድኩት

ሥራዬ ሂሳብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለጥቂት ትንንሽ ድርጅቶች መዝገብ እይዛለሁ፦ ለአንድ ዳቦ ቤት፣ ለአንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ፣ ለአንድ አስመጪ። ባለትዳር ነኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ እናቴም አብራን ትኖራለች። ሥራ በዛብኝ እንዳልል ሥራው ከዱሮውም ያው ነበር። ባለፈው ዓመት የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሳልሠራ መድከም። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት ገና ከመጀመሬ ዝያለሁ። የባንክ ስቴትመንት እያየሁ ሐሳቤ ወደ ልጄ ጥርስ ይሄዳል፤ ከጥርሱ ወደ ሐኪሙ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮው እዚያው ሰፈር ወዳለችው አክስቴ፣ ከአክስቴ ለፋሲካ ሳልጠይቃት ወደመቅረቴ። ስመለስ የትኛው መስመር ላይ እንደነበርኩ አላውቅም። ሌሊት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ዓይኔ ይገለጣል፤ የመጀመሪያው ሐሳብ አንድ ይሆንና ሌሎቹ ተከታትለው ይመጣሉ።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ማንም ይህን እንዳይዘለው እመክራለሁ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የስኳር በሽታ ሰውን ያደክማሉ፤ በደም ምርመራም ይለያሉ። የእኔ ውጤት ሁሉም ደህና ሆነ። «ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ» ተባልኩ። ወሰድኩ፤ ቤተሰቡን ይዘን ሐዋሳ ወረድን። አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ ዓሣ እየበላሁ የማስበው የዳቦ ቤቱን የቫት ሪፖርት ነበር። ያን ጊዜ ነው ቦታ መቀየር እንደማይበቃኝ የገባኝ፤ ጓዜን ሁሉ ይዤ ነበር የሄድኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ እናቱ ጋ ሄደ፣ እናቴም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የልጄን ግማሹ ያልተጻፈበት ደብተር አነሳሁና ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን በሙሉ መጻፍ ጀመርኩ። ለራሴ የሰጠሁት ሕግ ሦስት ነበር ብል ይቀላል፦ አንድ ነገር በአንድ መስመር፣ ቅደም ተከተል የለም፣ «ይሄማ ቀላል ነው፣ አይጻፍም» የሚባል ነገር የለም። በተለይ የመጨረሻው ወሳኝ ነው። ሰው ሲጽፍ ትልልቁን ብቻ መምረጥ ይቀናዋል፤ ሌሊት የሚቀሰቅሰው ግን ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው።

የወጣው ይህን ይመስል ነበር። የማድ ቤት ቧንቧ ይንጠባጠባል። የጎረቤት ድስት ከልደቱ ጀምሮ እኛ ቤት ነው። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት መቼ ነው የሚያልቀው? እማዬ ለፋይዳ አልተመዘገበችም። አስመጪው አንድ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አላመጣልኝም። የመብራት ካርድ። ጓደኛዬ የተበደረችኝ ብር። ማስተርስ ልማር ወይስ ልተወው? የባለቤቴ እህት በሰርጉ ቀን የተናገረችኝ ነገር። የአያቴ ቤት ውርስ ምን ደረሰ? የሐበሻ ቀሚሴ ጥለት ተተርትሯል። ዕቁቡ ሲወጣልኝ ምን ላድርግበት? ትንሹ ልጄ ክፍል ውስጥ ዝም ይላል አሉኝ። አክስቴ።

ገጽ ከገጽ ሞላ። ሲያልቅብኝ ሻይ አፈላሁ፤ ሻዩን ስጠጣ ሌላ መጣ፤ ጻፍኩ። እንደዚህ እያልኩ እስከ አመሻሹ ድረስ ቆየሁ። ይህን የምላችሁ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ሐሳቡ በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ከመሰላችሁ ነው። አያልቅም። ላዩ ላይ ያለው ይወጣል፣ ዝምታ ይመጣል፣ ከዝምታው በኋላ የሚወጣው ነው ዋናው። የባለቤቴ እህት ንግግር የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ሆዴ ውስጥ እንዳለ እንኳ አላውቅም።

ደብተሩን መልሼ ሳነበው የገረመኝ የውርሱ ጉዳይ ከሚንጠባጠበው ቧንቧ ጎን መቀመጡ ነው። በወረቀት ላይ ስታዩዋቸው አንዱ የዓመታት ጉዳይ፣ ሌላው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን ሁለቱም እኩል ይጮሁ ነበር። አእምሮ የሚያስታውሰን ነገሩ ትልቅ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ስላልተቋጨ ነው።

ይህን ያልኩት እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተማሪ በርሊን ውስጥ በኩርት ሌዊን ሥር ትማር ነበር። የካፌ አስተናጋጆች ሂሳቡ ያልተከፈለን ትዕዛዝ በቃላቸው ይዘው፣ ከተከፈለ በኋላ ግን ወዲያው እንደሚረሱት ልብ መባሉ ለሙከራው መነሻ ሆነ ይባላል። ሰዎችን ሰብስባ ትንንሽ ሥራዎች ሰጠቻቸው፤ ግማሹን አስጨረሰቻቸው፣ ግማሹን መሀል ላይ አቋረጠችባቸው። በኋላ ስትጠይቃቸው የተቋረጠውን ይበልጥ አስታወሱ። ጥናቱን ያሳተመችው በአውሮፓውያኑ 1927 ነው (ከዚህ በታች ያሉት የጥናት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በኋላ ከደገሙት መካከል ያንኑ ውጤት ያላገኙም አሉ፤ ስለዚህ እንደ ሕግ አልይዘውም። ይበልጥ የጠቀመኝ በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው። ያልጨረሱት ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ሲያነቡ ሐሳባቸው ወደዚያው ይሸሻል። ጉዳዩን መቼና እንዴት እንደሚያደርጉት ዕቅድ የጻፉት ግን፣ ጉዳዩ ራሱ ገና ሳይነካ፣ ሐሳቡ ለቀቃቸው። ልብ በሉ፤ ሥራው አላለቀም። የሚደረግበት መንገድ ብቻ ነው የተወሰነው።

የሂሳብ ሰው ግን ይህን ለማወቅ በርሊን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። ድርጅቱ አካውንት ውስጥ ብር ይገባል፤ ማን እንዳስገባው አይታወቅም። ደረሰኝ የለም፣ ደንበኛው አልደወለም። መዝገብ ግን ዝም ብሎ አይቆምም፤ ስለዚህ «ተንጠልጣይ ሂሳብ» ውስጥ ይገባል። ሥራ ያስተማሩኝ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ አካውንታንት ነበሩ፤ «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ያስገባሽው ብር ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ የአንቺ ዕዳ ነው» ይሉኝ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ተንጠልጣይ ሂሳብ መጥራት አለበት። እያንዳንዱ መስመር ይታያል፤ ወይ ባለቤቱ ተገኝቶ ወደ ትክክለኛው ሂሳብ ይዛወራል፣ ወይ ለላከው ይመለሳል፣ ወይ ተወስኖበት ይሰረዛል። «እንዲሁ ይቆይ» የሚባል ከሆነ ለኦዲተሩ ምክንያቱና የሚጣራበት ጊዜ ይጻፍለታል። እኔ ይህን ለዳቦ ቤት እየሠራሁ፣ ለራሴ ጭንቅላት ዓመት ዘግቼ አላውቅም ነበር።

ደብተሩን በዚሁ ዓይን ወሰድኩት። መስመር በመስመር።

ቧንቧውን ልውሰድ። መጀመሪያ ጎኑ ላይ «ቧንቧ ማሠራት» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ይህ ለወራት ያልተሠራው ሰንፌ አይደለም፤ «ቧንቧ ማሠራት» የሚባል ሥራ በእጅ የሚሠራ ስላልሆነ ነው። ቧንቧ ሠሪ አላውቅም። ስልኩ ያለው የግቢው ጥበቃ ጋ ነው። ስለዚህ አጠፋሁትና «ማታ ስገባ ከጥበቃው ስልኩን መቀበል» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን ማታ ተቀበልኩ፤ በሳምንቱ ተሠራ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህን እመርጣለሁ፦ የምትጽፉት ነገር እግራችሁ ወይም እጃችሁ ዛሬ ሊያደርገው የሚችል እስኪሆን ድረስ አሳንሱት። «የእማዬ ፋይዳ» ሥራ አይደለም። «ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ እማዬን መመዝገቢያው ቦታ ማድረስ» ሥራ ነው። «የልጄ ዝምታ» ጭንቀት ነው፤ «ሐሙስ ሲወጣ አስተማሪዋን ለአሥር ደቂቃ ማነጋገር» ግን ቀን ያለው ጉዳይ ነው።

የውርሱ ጉዳይ የእኔ እንዳልሆነ ያየሁት በወረቀት ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው ወረዳ የሚመላለሰው፣ ወረቀቶቹም እሱ ጋ ናቸው። እኔ የማደርገው ማሰብ ብቻ ነው። ደወልኩለትና «ወንድምዓለም፣ ይሄን ጉዳይ ላንተ ትቼዋለሁ፤ ፊርማ ስትፈልግ ብቻ ጥራኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እኔ እኮ ድሮም ብቻዬን የያዝኩት መስሎኝ ነበር» አለኝ። ሳቅን። ለካ ያንኑ ሸክም ሁለት ቦታ ነበር የተሸከምነው።

የብሩ ነገር ከረር ይላል። ጓደኛዬን ባገኘኋት ቁጥር አፌ «ደህና ነሽ» ይላል፣ ሆዴ ያሰላል። ጠይቄያት ነበር፤ «በዚህ ወር መጨረሻ» ትላለች፣ ወሩ ያልቃል። ሁኔታዋን አውቃለሁ፤ የላትም። ስለዚህ ሰረዝኩት። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ደግሞ ውለታ ሆኖ ይከብዳታል። ሁሉም ሰው ይህን ያድርግ አልልም። ብሩ የሚያስፈልገው ሰው ቀን ቆርጦ፣ ሽማግሌም ቢሆን ይዞ ይጠይቅ። የእኔ ነጥብ መስጠትም መጠየቅም ውሳኔ ነው፤ ሁለቱንም ሳያደርጉ በየቀኑ ማስላት ግን ከብሩ በላይ ያስከፍላል።

የባለቤቴ እህት ጋ ስደውል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እትዬ፣ ያን ቀን እንዲህ ብለሽኝ ከፍቶኝ ነበር» አልኳት። «ውይ በሞትኩት! እንደዛ ብያለሁ እንዴ? እኔ እኮ ጭራሽ አላስታውሰውም» አለች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናደድኩ። እኔ ዓመት ሙሉ የያዝኩትን እሷ በማግስቱ ረስታዋለች። ንዴቱ ግን ከዚያ ቀን አላለፈም።

ማስተርሱስ? እሱን አልወሰንኩም፤ ለውሳኔው ግን ቀን ሰጠሁት። «ጳጉሜ ላይ እወስናለሁ፤ እስከዚያ ዋጋና መርሐ ግብር ከመጠየቅ ውጪ አላስብበትም» ብዬ ጻፍኩ። ሐሳቡ ሲመጣ «ቀጠሮህ ጳጉሜ ነው» እለዋለሁ። የሚገርመው ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ያለውን ማጥራት ነው። ሌላው ጣጣ አዲስ የሚገባው ነው፤ እዚህ ላይ እኛ አበሾች የራሳችን ልማድ አለን። በየቀኑ ስንት ጊዜ «እስኪ አያለሁ» እንላለን? «ሰሞኑን እደውልልሻለሁ»፣ «አንድ ቀን እንገናኝ»፣ «ካልሆነ እኔ እጠይቅልሻለሁ»። የምንለው ከደግነት ነው፤ ሰውን ፊት ለፊት እንቢ ማለት ይከብደናል፣ ይሉኝታ አለብን። የተባለው ሰው ምናልባት ወዲያው ይረሳዋል። የተናገረው ግን ጨዋ ከሆነ ይዞት ያድራል። ደብተሬ ላይ ምን ያህሉ መስመር «እስኪ አያለሁ» ካልኩት የመጣ እንደሆነ ሳይ ደነገጥኩ። ለአንድ ሰው ልጅ ሥራ እፈልግለታለሁ ብያለሁ። የዕድሩን ሂሳብ በትርፍ ሰዓቴ አያለሁ ብያለሁ። አንዲት የልጄ ጓደኛ እናት የታክስ ነገር እንድነግራት ጠይቃኝ «እናወራለን» ብያታለሁ።

በኢንተርኔት የሚገኘው ምክር «እምቢ በል» ነው። የኛ ኑሮ ግን እንደዚያ አይሄድም። ለቅሶ አይቀርም፤ ጎረቤት ሲታመም መጠየቅ አይቀርም፤ እኔም ነገ ያስፈልገኛል። የቀየርኩት መልሱን ነው። ወይ ቀን እሰጣለሁ፣ ወይ በትህትና እዘጋለሁ። «እስኪ አያለሁ» በማለት ፈንታ «ሐሙስ ከሰዓት ልደውልልሽ» እላለሁ፤ እዚያው ፊቷ ስልኬ ላይ አስገባዋለሁ። ለማልችለው ደግሞ «በዚህ ዓመት ሂሳቡን ማየት አልችልም፤ ሌላ ሰው ብትፈልጉ ከወዲሁ ይሻላል፣ በኋላ እንዳታዝኑብኝ» አልኩ ለዕድሩ። የፈራሁት ቅሬታ አልመጣም። ጸሐፊው እንዲያውም «እንኳን ነገርሽን፣ አንቺን ብለን ዝም ብለን ነበር» አሉኝ። የእኔ «እስኪ አያለሁ» ለካ እነሱንም አንጠልጥሎ ነበር የያዘው።

ስልክ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው። የትምህርት ቤት ወላጆች ግሩፕ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ፣ የዕቁቡ፣ የዘመድ፣ የቢሮ፤ ሁሉም ቴሌግራም ላይ። ድምፃቸውን በሙሉ አጠፋሁ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ላይና አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አያቸዋለሁ። በጣም የሚፈልገኝ ይደውላል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ቁጥር ብቻ ሁልጊዜ ይጮሃል። በቃ።

በቢሮ ግን አንድ ልምድ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል፤ እንደ እኔ ከአንዱ ደንበኛ ሥራ ወደ ሌላው ለሚዘል ሰው በተለይ። ሶፊ ሌሮይ የምትባል ተመራማሪ በ2009 ባሳተመችው ጥናት አንድን ሥራ ሳይጨርሱ ወደ ሌላ መሻገር የትኩረታችንን ከፊል እዚያው የቀደመው ላይ እንደሚያስቀር አሳይታለች። በ2018 ደግሞ ከሌላ ተመራማሪ ጋር መፍትሔውን አመለከተች፤ ከመሻገር በፊት የት እንደቆምንና ስንመለስ ከምን እንደምንጀምር በአጭሩ መጻፍ። እኔ በቢጫ ወረቀት ነው የማደርገው። የዳቦ ቤቱን ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም) ከመዝጋቴ በፊት «የግንቦት ባንክ ማስታረቂያ፣ እስከ 17 ደርሻለሁ፤ የዱቄቱ ቼክ አልወጣም፤ ስመለስ ባለቤቱን ስለ ቼኩ መጠየቅ» ብዬ እለጥፋለሁ። ደቂቃ አይፈጅም። አለቃ ጠርቶኝ መሀል ላይ ብነሳ እንኳ «አንድ ጊዜ» ብዬ ጽፌ ነው የምነሳው። በፊት ስመለስ የት እንደነበርኩ በመፈለግ የማጠፋው ጊዜ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

የወር መጨረሻ ላይ ጥቅሙ ይታያል። ቫቱ፣ ዊዝሆልዲንጉ፣ የደመወዝ ግብሩ፣ ጡረታው ተደራርበው ይመጣሉ። ለጡረታው ከደመወዙ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው የሚለውን በእንቅልፍ ልቤም አውቀዋለሁ፤ የሚያደክመኝ ስሌቱ አልነበረም። የማን ፋይል ምን ጎደለው የሚለውን ሁሉ በቃሌ መያዜ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ፊት ለፊት ሊይዝ የሚችለው ወደ አራት የሚጠጉ ነገሮችን ብቻ እንደሆነ ኔልሰን ኮዋን የተባለ ምሁር በ2001 ጽፏል። እኔ ደግሞ የሦስት ድርጅት ጉድለት፣ የአንድ ቤት ወጥና የእማዬን መድኃኒት በአንድ ላይ ለመያዝ እሞክር ነበር።

ሌሊቱን በተመለከተ፤ ከመኝታ በፊት የነገውን እጽፋለሁ። ይህም የተፈተነ ነው። በአሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ2018 በታተመ ጥናት 57 ወጣቶች በእንቅልፍ ላቦራቶሪ አደሩ። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ በቀጣይ ቀናት የሚሠሩትን ጻፉ፣ ግማሾቹ ሠርተው የጨረሱትን። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዘርዝረው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ። ዘጠኝ ደቂቃ ለሰሚው ትንሽ ነው። ጣሪያ እያየ ለተጋደመ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። የምጽፈው አልጋ ላይ ሳይሆን ማድ ቤት ነው፤ ዕቃው ታጥቦ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ቆሜ። አልጋ ላይ ከጻፍኩ አልጋው ቢሮ ይሆንብኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዛሬም አልፎ አልፎ እነቃለሁ። ራስጌዬ ላይ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ አለ፤ የመጣውን በጨለማ ጫጭሬ እዞራለሁ። ስልክ አላነሳም፤ ሰዓት ለማየት ብሎ የተነሳ ስልክ የትም አያቆምም። ጠዋት የጫጫርኩትን ሳነበው ግማሹ አይገባኝም፤ ግማሹ ደግሞ በቀን ብርሃን ምንም አይደለም።

የሞከርኩትና ያልሆነልኝም አለ። የስልክ መተግበሪያ ለእኔ አልሠራም፤ ሐሳብ ላስገባ ስከፍተው መልእክት አይቼ እወጣለሁ። ቁም ሣጥን ማጽዳት ደስ ይላል፣ ጭንቅላትን ግን ከዚያ ቀን አያሳልፍም። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ሥራ መጀመር የሚባለው ደግሞ ማታ አምስት ሰዓት ድረስ ለምትሠራ እናት ከእንቅልፏ መስረቅ ነው፤ አልመክርም። ቡና ግን ሠርቶልኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ራሴ ቆልቼ፣ ራሴ ወቅጬ፣ ከአቦል እስከ በረካ ከእማዬ ጋር እቀመጣለሁ። የሚቆላ ቡና ዓይንን ካነሱለት ያርራል፤ እጅና ዓይን ሲያዙ ሐሳብ ወዴት ይሄዳል?

አሁን ደግሞ ጽሑፍ የማይነካው ነገር አለ። አባቴ ካረፈ በኋላ ደብተሬ ላይ «አባባ» የሚል መስመር ነበር። ቀጣይ እርምጃ የለውም፣ ቀን አይሰጠውም፣ አይሰረዝም። ለእንዲህ ያለው ሌላ ዓይነት መጻፍ አለ። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች እጅግ ስለከበዳቸው ነገር ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ ጻፉ። በጻፉበት ሰዓት ስሜታቸው ከፋ፤ በተከተሉት ወራት ግን ሕክምና ጣቢያ የሚሄዱበት ጊዜ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት አነሰ። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ፤ ስለ መጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ ስላልነገርኩት ነገር። ለማንም አላሳየሁም፤ ሲያልቅ ቀደድኩት። ሐዘኑ አለ። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ግን እሱ አይደለም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ የሚከፋችሁ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ የማያስደስታችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ የራቃችሁ ከሆነ ደብተር አይበቃችሁም። መኖር ካስጠላችሁማ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ፤ ለቅርብ ሰው ንገሩና አብራችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በክልል ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ብዙዎቹ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ጠበልና ጸሎት የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን አቋርጦ እንዳይሄድ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

የቀረችኝ የቤት ውስጥዋ ነገር ናት። ደብተሩን ባለቤቴ አየው። ገልጦ ገልጦ «ይሄን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም? እረዳሽ ነበር» አለኝ። «መንገሩ ራሱ ሥራ ነው» አልኩት። አልገባውም ነበር፤ አስረዳሁት። ዱቄት ግዛ ስለው ይገዛል፣ ጎበዝ ነው። ዱቄት ሊያልቅ እንደሆነ የምታውቀው፣ የምታስታውሰውና የምትናገረው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ሥራ አልተካፈልንም፤ ጉዳይ ተካፈልን። የመብራት ካርድ፣ ውሃ፣ ኮሚቴው፣ ዕድሩና መኪናው በሙሉ የእሱ ሆኑ፤ ማሰቡም ጭምር። የመብራት ካርድ ቢያልቅ በጨለማ እንቀመጣለን እንጂ እኔ አላስታውስም ብዬ ምያለሁ። አንድ ማታ ተቀምጠናል፤ ወጡ ምድጃ ላይ እንዳለ መብራቱ ጠፋ። አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። የእማዬን መድኃኒት ወንድሜ ወሰደ፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ገዝቶ ይመጣል፣ እሷም እሱን ስለምታይ ደስ ይላታል።

በየሳምንቱ ዓርብ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ደብተሩን አያለሁ፤ ትልቁን ማጥራት ለጳጉሜ ትቼዋለሁ። አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች፤ የሚቀጥለው በእኛ አቆጣጠር በ2019 ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን ለማሳወቅ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ ስላላቸው ያን ሰሞን ቢሮ ትንሽ ይተነፍሳል። ባለቤቴም የራሱን ደብተር ይዞ ይቀመጣል፤ አምና የሮቶው ፓምፕ በሁለታችንም ደብተር ላይ «የእሱ»፣ «የእሷ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ውሃ የእሱ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ እሱ ፓምፑን የገዛሽው አንቺ ነሽ፣ ዋስትናውም አንቺ ጋ ነው አለ። እማዬ ከጓዳ ሆና «ተዉት፣ እኔ ለጥበቃው እነግረዋለሁ» አለችና ነገረችው።